ፉጨቱ "እንብላ" ማለት ነው

ሰኞ

ዛሬም አልገባም።

ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ ሶላሩ ጉልበት ሲያገኝ ከፈትሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመና ሲመጣ ዘጋሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ ከግራሩ ሥር ተቀምጬ ዋልሁ። ግራሩ ያለው ስክሪን ውስጥ ነው፤ እኔ የተቀመጥሁት እግሩ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው። ሙላው የለም።

ይህን ደብተር የሰጠኝ ሂሻም ነው። ሂሻምን ጦርነቱ ከካርቱም አፈናቅሎ ነው ያመጣብን። እዚያ ጌም ይሠራ ነበር፤ አሁን ገዳሪፍ፣ የእኔ ጌም ቤት ውስጥ፣ ከኮምፒውተሮቹ ኋላ ፍራሽ ዘርግቶ ያድራል። "የሚሰማሽን ጻፊበት" አለኝ። የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ የሆነውን እጽፋለሁ።

የሆነው ይኸ ነው። ውጭ አገር ያሉ ጌም ሠሪዎች ገና ያላለቀ ጌም አላቸው። ስም እንኳ አላወጡለትም፤ እኛ "በረሃው" እንለዋለን። ሰው በረሃ ላይ ይጣላል፣ ውኃና ዳቦ ይፈልጋል፣ ካላገኘ ይሞታል። ከየአገሩ ሰው እየገባ ይሞክርላቸዋል። ሂሻም በድሮ ትውውቁ የእኔን ቤት አስገባ። ዘጠኝ ነን፤ ሐበሻም ሱዳኔም። በዚህ ዘመን፣ በዚህ አገር፣ ዳቦ ፍለጋ እንጫወታለን። መጀመሪያ ሲነግረኝ ሳቅሁ መሰለኝ። አላስታውስም።

በጌሙ ውስጥ መናገር የለም፣ መጻፍም የለም። ያለው እጅ ማንሳትና ማፏጨት ብቻ ነው። ፉጨቱን "አደጋ አለ፣ ሽሹ" ብለው ነው የሠሩት።

ሙላው ታናሽ ወንድሜ ነው። ዳርፉር፣ በተከበበው ከተማ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፤ በረሃውንም በስልኩ እየገባ አብሮን ይጫወት ነበር። ሰው ሣርና የከብት መኖ እየቀቀለ ይበላል የሚባልበት ከተማ ነው። ድምፁን ከሰማሁ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። መጨረሻ ሲደውል እንዲህ አለኝ፦ "እታለም፣ ስልክ እየነጠቁ ነው። ሲሙ ከሄደ የአንቺም ቁጥር አብሮ ይሄዳል፤ በቃሌ አልያዝሁትም። የጌሙ ስሜና የሚስጥር ቃሌ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። የሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ሰው ካገኘሁ ከማንም ስልክ እገባለሁ። ከግራሩ ሥር ጠብቂኝ።"

ስለዚህ እጠብቃለሁ።

ዛሬ ከጌም ሠሪዎቹ ደብዳቤ መጣ። ሂሻም አነበበልኝ። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የገዳሪፍ ተጫዋቾች ዳቦ በከረጢታቸው ይዘው በራብ የሚሞቱት ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ሙከራው ዓርብ ያበቃል። ሰርቨሩ ይዘጋል፣ ሰዎቹም ዛፎቹም በሙሉ ይጠፋሉ።

ዓርብ።

ማክሰኞ

አልገባም።

ለአንደኛው ጥያቄ መልስ ስንጽፍ ዋልን። እኔ እናገራለሁ፣ ሂሻም ወደነሱ ቋንቋ ይመልሳል።

ነገሩን የጀመሩት መምህር ክብሮም ናቸው። ትግራይ ውስጥ አስተማሪ ነበሩ፤ አራት ዓመት ሆናቸው ተሻግረው ከመጡ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ዳቦ አገኙ። በስክሪኑ ውስጥ ሦስታችን አጠገባቸው ቆመናል፣ በቤቱ ውስጥ ደግሞ ወንበር ለወንበር ተቀምጠናል። "ብላ" የሚለውን መጫን አቃታቸው። ዞር ብለው አዩን። "ሓፍተይ፣ ሰው እያየኝ እንዴት ብቻዬን ልብላ?" አሉኝ። ከዚያ ያለውን አንድ ድምፅ ተጫኑ። አፏጩ። ሄድን። ዳቦውን ቆረሱልን።

በነጋታው ሱዳኔዎቹም እንደዚያው አደረጉ። የእነሱ "ተፈደሉ" ከእኛ "እንብላ" በምን ይለያል? በቃ፣ ሕግ ሆነ። ዳቦ ያገኘ ሳያፏጭ አይበላም። ያፏጨ ሰው ሳይመጣለት አይበላም። የምንሞተው ስንጠብቅ ነው።

እዚህ ላይ ሂሻም መጻፉን አቁሞ ሳቀ። በጌሙ ውስጥ ሌላ ሌላ ወገን አለ። ሯጮቹ አሉ፤ ብርድ አገር ያሉ፣ በረሃውን ማን ቶሎ አቋረጠ እያሉ ሰከንድ የሚቆጥሩ። ፉጨት ሲሰሙ አደጋ መስሏቸው እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ዘራፊዎቹ አሉ፤ ሰው ገድለው ከረጢት የሚፈቱ። እነሱ ፉጨት ሲሰሙ የሚያጣጥር ሰው አለ ብለው ይመጣሉ። እኛ ደግሞ የመጣውን ሁሉ እንግዳ ነው ብለን ዳቦ እናቀርባለን። ስንቴ ዳቦ ዘርግተን እንደታረድን።

አንዱ ቀይ ካባ ለባሽ ግን አንድ ቀን ሊገድለኝ መጥቶ ዳቦውን ፊቱ አስቀመጥሁለት። ቆመ። ቢላዋውን እንደያዘ ቆመ። ከዚያ በላ። በማግስቱ ፉጨት ሰምቶ ያለ ቢላዋ መጣ። በሳምንቱ ሦስት ጓደኛ አስከትሎ መጣ።

ይህን ሁሉ ጻፍንላቸው። ስናነበው ቀልድ ይመስላል።

ጌሙን ወደ አማርኛ የምመልስላቸውም እኔ ነኝ። ከጎን ያለችውን፣ እየቀላች የምትወርደውን መስመር ምን እንበላት ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ራብ አለ፣ ጠኔ አለ፣ ችጋር አለ አልኋቸው። ራብ ዛሬ ነው፤ ጠኔ ጉልበት ሲከዳህ ነው፤ ችጋር አገር ሲነካ ነው። "ከሦስቱ አጭሩ የቱ ነው?" አሉኝ። ቦታዋ ጠባብ ናት። ራብ አልሁ።

ረቡዕ

ጧት ተክያ ሄድሁ፣ ሰፈሩ አዋጥቶ ወደሚያበስልበት። ድሮ በየቀኑ ነበር ምስሩ፣ አሁን ቀን እየዘለሉ ነው። ዛሬ የመዝለያው ቀን መሆኑን ረስቼ ነው የሄድሁት። ብዙ ሰው ረስቶ መጥቷል። ሣህናችንን ይዘን ተያየን፣ ተመለስን። ከሰልፉ ላይ የእህል ጎተራው ሲሎ ይታያል። የማሽላ አገር ነው ገዳሪፍ።

ሙላው አልገባም።

ከግራሩ ሥር ሦስት ዳቦ አስቀምጠንለታል። እኛ አንነካውም። ሯጮቹ በአጠገቡ ያልፋሉ። ዘራፊዎቹ እንኳ ተዉት፤ ቀይ ካባው ሲጠብቀው አየሁት ይላል ሂሻም። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ መናገር የለም እኮ።

ሦስት የሆነው በምክንያት ነው። እናታችን በሰባ ሰባቱ ድርቅ እኔን አዝላ ከበለሳ እስከዚህ በእግሯ መጣች። ሙላው የተወለደው ካምፕ ውስጥ ነው። ጥርስ ካወጣበት ቀን ጀምሮ ሲያቀርቡለት ዝም ብሎ የማይበላ ልጅ ነበር። "ብላ እንጂ" ትለዋለች፣ እምቢ። "አፈር ስሆን" ትለዋለች፣ እምቢ። "በሞቴ!" ስትለው ይጎርሳል። አንድም ቀን ከሦስተኛው በፊት በልቶ አያውቅም። ካደገ በኋላ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። "በልቼ ስጨርስ ለእሷ የሚተርፍ መኖሩን እያየሁ ነበር" አለኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ ሦስተኛውን ቃል የምለው እኔ ነኝ።

ጌሙ ውስጥም ያው ሆነ። ለሌላው አንድ ጊዜ አፏጫለሁ። ለሙላው ሦስት ጊዜ ነው። አንድ፣ ብላ እንጂ። ሁለት፣ አፈር ስሆን። ሦስት፣ በሞቴ። በሦስተኛው ቁጭ ይልና ይበላል። ሂሻም መጀመሪያ ሲያይ ጮኸ፦ "ያ ኡኽቲ፣ በእኛ አገር እንግዳ አልበላ ሲል ሚስቴ ትፈታ ብለን እንምላለን፣ ዓለይ አጠላቅ! ሦስት ጊዜ ከተባለ ግን መመለሻ የለውም። የአንቺ ወንድም በየምሳው የሌለሽን ሚስት ሊያስፈታሽ ነው እንዴ?" ሙላው ይህን ሲሰማ በስልክ እስኪያስለው ሳቀ። ያ የመጨረሻው ስልክ አልነበረም። ከመጨረሻው በፊት ያለው ነበር።

ቀኑ ይገፋልን ብለን ጻፍን። ለምን እንደሆነም ሂሻም ጻፈው። ወንድሟ ናፍቋት አትበል አልሁት። ትጠብቀዋለች በል አልሁት።

ሐሙስ

ገባ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ። ስሙ ከራሱ በላይ ተጻፈ፦ ሙሌ። ሂሻም ወንበር ጥሎ ተነሣ። መምህር ክብሮም አማተቡ። እኔ እጄን ፉጨቱ ላይ አደረግሁ።

ሳላፏጭ በላ።

አንዱን ዳቦ አነሣ፣ በላ። ሁለተኛውን አነሣ፣ በላ። ሦስተኛውንም። ወደኔ እንኳ አልዞረም። ከዚያ ተቆረጠና ጠፋ። ደቂቃ አይሞላም።

 ሂሻም "ሸበካው፣ ኔትወርኩ፣ ደካማ ነው፣ አላየሽም ይሆናል" አለኝ። ማፅናናቱ ነው። እኔ ግን ገብቶኛል። ስልኩን የነጠቀው ሰው ነው። ሙላው ሳይዘጋው ነጥቆታል፣ ከፍቶ ሲጎረጉር ጌሙን አግኝቷል፣ ዳቦ አይቷል፣ በልቷል። ስልኩ በዚያ ሰውዬ እጅ ካለ ሙላው የት ነው? ሙላው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከሦስተኛው በፊት በልቶ አያውቅም።

አላለቀስሁም። ወንበሩን አነሣሁ። ገመዶቹን ጠቀለልሁ። ጨርቅ ነክሬ ስክሪኖቹን አንድ በአንድ ወለወልሁ፤ አቧራ ነበራቸው።

ዓርብ

መልስ መጣ። ሂሻም ሁለቴ አነበበው፣ ሁለተኛውን ቆሞ።

ጌም ሠሪዎቹ ተሰብስበው የሁሉንም ሰው አጨዋወት መርምረዋል። ፉጨቱ ከእኛ አልፏል። ከሯጮቹ መካከል ውድድሩን አቋርጠው ፉጨት ወዳለበት የሚሄዱ አሉ። ከእኛ ጋር ፈጽሞ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች፣ በሌላ የበረሃው ጫፍ፣ ዳቦ ሲያገኙ ያፏጫሉ። እኛ ፉጨቱን ያጣመምን መስሏቸው ሊያስተካክሉት ነበር፤ አሁን ግን ጌሙን ራሱን ሊቀይሩት ነው። ለአደጋ ሌላ ድምፅ ያበጁለታል። ፉጨቱ የእኛ ይሆናል። ቁልፉን ምን እንበለው ብለው ጠይቀዋል። ቀኑንም ገፍተውልናል፦ እስከ እሑድ፣ እኩለ ቀን።

ሂሻም ዘለለ። እውነቴን ነው፣ ዘለለ። "ትርንጎ፣ እኮ ይገባሻል? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ጌም ስሠራ ከዚያ ወዲህ እንጂ ከዚህ ወዲያ አንድ ነገር ሲሄድ አላየሁም!" አለኝ። ደስ እንዲለኝ ሞከርሁ። የሆነ ሰው ቤት የተወለደ ልጅ ወሬ እንደመስማት ነው፣ እሰይ ትላለህ።

"እንብላ በላቸው" አልሁት።

"ምን ማለት ነው ቢሉኝስ?"

"ቃሉ ለብቻ አይሆንም በላቸው። አንድ ሰው ብቻውን እንብላ ሊል አይችልም።"

ጻፈው። ከዚያ እሑድስ ትገቢያለሽ? አለኝ። ለምን ብዬ? አልሁት።

ሦስት አዲስ ዳቦ ከግራሩ ሥር ተቀምጧል። እኔ አይደለሁም ያስቀመጥሁት። ማንም እኔ ነኝ አላለም። ቀይ ካባው በሥፍራው ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ

ዛሬ ጌም ቤቱን አልከፈትሁም። ምክንያት የለኝም። የፊት በሩ መክፈቻ ትራሴ ሥር ነበር፣ ሳላነሣው ቀኑ ሄደ፤ ሂሻም በጓሮው በር ነው የሚወጣ የሚገባው።

መጻፍ ያለብኝ አንድ ነገር አለ፣ አልወደድሁትም።

ስድስት ሰዓት ግድም ቤቴ ውስጥ ቁራሽ ኪስራ፣ የሱዳኖቹ ስስ የማሽላ እንጀራ፣ ከትናንት ከተረፈ የባሚያ ወጥ ጋር ነበረኝ። ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እበላ ነበር። በሩ ላይ ጥላ መጣ። ዞር ስል መምህር ክብሮም ናቸው። ጌም ቤቱ ሲዘጋ አሟት ይሆናል ብለው ነው የመጡት። ያለኝን ጎረስሁ። ቶሎ አኘክሁ። እያዩኝ። የቀረችውን ቁራሽም ጎረስሁ።

መምህር ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። "ቆይቼ እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ነው የታወቀኝ። እንብላ አላልሁም። በዕድሜዬ፣ ካምፕ ውስጥ እንኳ፣ አንድ እፍኝ ንፍሮ ለሦስት ስንካፈል እንኳ፣ የገባን ሰው እንብላ ሳልል ውዬ አላውቅም። ተናድጄ አይደለም። ሰስቼም አይደለም፣ ወይም ሰስቼ ነው፣ አላውቅም። ብቻ ቃሉ አልመጣም። ቦታው ላይ ምንም አልነበረም።

አፈርሁ። ከስንት ቀን በኋላ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ።

 መምህር በሩ ላይ ቆመው ያዩዋት ሴትዮ ማን ናት? በእኔ ስም የገባች ሌላ ሰው አልነበረችም። እኔው ነበርሁ።

ታዲያ ሐሙስ የበላው ማን ነው?

እዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሰባት ሳምንት ከከረመ፣ ዳቦ ሲያይ፣ የሥዕል ዳቦም ቢሆን፣ እጁ ሦስት ፉጨት ይጠብቃል?

አላውቅም። ሌባ ይሁን ብዬ የተመኘሁ እኔ ነኝ እንዴ? ሌባ ቢሆን ሙላው ያው ሙላው ሆኖ ይቀርልኝ ነበር።

መክፈቻውን ከትራሱ አውጥቼ ኪሴ ከተትሁት።

እሑድ

ከአራት ሰዓት በፊት ሁላችንም ገብተናል። ሰማዩ ጥሩ ነበር፤ ሶላሩ ሞላ። መምህር ክብሮም ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን አላወለቁም። ስለ ትናንትናው አላነሡብኝም።

በረሃው ውስጥ ሰው በዝቷል። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ከየአገሩ ገብተዋል። ሯጮቹ መሮጥ ትተው በየቦታው ያፏጫሉ፤ ዳቦ የሌለው ሁሉ ሳይቀር ያፏጫል። ቤቱ በፉጨት ተሞላ። ሂሻም ድምፁን ቀነሰው።

አምስት ሰዓት። የለም።

አምስት ተኩል። የለም። 

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፦ ሙሌ።

ሦስቱ ዳቦ ከፊቱ ነው። እኔ ቆሜያለሁ። አላፏጨሁም። ላፏጭ ብዬ ነበር፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር፣ ግን ልፈትነው አልፈለግሁም። ብላ፣ አልሁ በአፌ። ዝም ብለህ ብላ።

በላ። አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እንደ ሐሙሱ።  መምህር እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

አልሄደም። ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ከዚያ ዞረ። ወደኔ።

አፏጨ።

"ዳቦ እኮ የለም፣" አለ ሂሻም፣ "ምን እንብላ ነው የሚለው?"

ቆየና ደገመ። ሁለት።  በጣም ቆየ፤ ስክሪኑ የደረቀ መስሎኝ ገመዱን ነካሁ። ሰዓቱ ይሄዳል።

ሦስት።

አለቀስሁ። ከአፍንጫዬም ከዓይኔም። እሱ ነው። በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ያስታወሰው። በባዶ ቦታ ላይ፣ ዘግይቶ፣ እኔን በሞቴ እያለኝ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ያለችውን የኔዋን ሴትዮ አስኬድሁና አጠገቡ አስቀመጥኋት፤ እጇ ባዶ እንደሆነ "ብላ" የሚለውን ተጫንሁ። ምንም አልሆነም፣ የሚበላ የለማ። እሱም ተቀመጠ። ቀይ ካባው ትንሽ ራቅ ብሎ ቁጭ አለ።

ስድስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ነጣ። ግራሩም፣ እሱም፣ ሁሉም።

ጌሙ ሲወጣ በዚያው ስምና በዚያው የሚስጥር ቃል መግባት ይቻላል ይላል ሂሻም። መቼ እንደሚወጣ አያውቅም። እስከዚያ የምንገናኝበት የለም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ ግን በሕይወት ነበር። ይህን አውቃለሁ፣ ጻፍሁት።

ሰዎቹ ሲሄዱ ከመሳቢያው ኪስራዬን አወጣሁ። አንድ ናት። መምህር ክብሮም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሊወጡ በሩ ላይ ደርሰዋል።

"መምህር፣ እንብላ" አልሁ።

"በልቻለሁ፣ ሓፍተይ። ብዪ አንቺ።"

እንዳልበሉ አውቃለሁ።

"አፈር ስሆን።"

በሩን እንደያዙ ቆሙ። ሦስተኛውን ለማለት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ቃሉ ከሩቅ ነው የመጣው።

"በሞቴ" አልሁ።

ተመልሰው እግሩ የታሰረው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ኪስራዋን ለሁለት ቆረስሁ።